አበበች ጎበና

አበበች ጎበና (ጥቅምት 9 ቀን 1928 – ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.) ወላጅ አልባና ችግረኛ ሕፃናትን በማሳደግ የታወቁ ኢትዮጵያዊት በጎ አድራጊ ነበሩ። በስማቸው የሚጠራውን የአበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር መሥርተው እስከ ሕልፈታቸው ድረስ መርተዋል። ያሳደጓቸው ልጆች «እዳዬ» ወይም «እማዬ» ይሏቸው ነበር። በመገናኛ ብዙኃን ደግሞ «የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» በሚል ስም ይታወቃሉ። የክብር ዶክትሬት ከተሰጣቸው በኋላ «የክብር ዶክተር» የሚለው ማዕረግ ከስማቸው ፊት ይጻፍ ነበር።

ወይዘሮ አበበች ከአብራካቸው የወጣ ልጅ አልነበራቸውም። ሥራቸውን የጀመሩት በ1972 ዓ.ም. ከግሸን ማርያም ሲመለሱ ሁለት ልጆችን ይዘው ወደ ቤታቸው በመግባት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። በዚህ ምክንያት ትዳራቸው ፈርሶ ከቤት ወጥተዋል። ማኅበሩ በቆየበት ዘመን 150 ያህል ልጆችን በማሳደጊያ ውስጥ ይይዝ የነበረ ሲሆን፣ ከ12,000 በላይ የሚሆኑትን ደግሞ ባሉበት ሆነው ይደግፍ እንደነበር ገልጿል።

ልደትና ልጅነት

አበበች ጎበና የተወለዱት በሰሜን ሸዋ፣ በአሁኑ ኦሮሚያ ክልል፣ ሸበል አቦ በምትባል የገጠር መንደር ነው። የዞኑ ዋና ከተማ ፊቼ ስትሆን አካባቢው በተለምዶ ሰላሌ ይባላል። ሕዝቡ በአብዛኛው በእርሻና በከብት እርባታ የሚተዳደር ነው።

የተወለዱበት ወር በኢትዮጵያ ታሪክ ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነበር። የፋሺስት ጣልያን ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ወረራውን የጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ አበበች የተወለዱት ከዚያ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነው። አባታቸው በዚሁ ጦርነት ተገደሉ። አባታቸውን ሳያውቁ ያደጉት ሕፃን እስከ ዘጠኝ ዓመታቸው በአያቶቻቸው እጅ ቆዩ። በኋላ ዘመን ሌሎችን ከወላጅ አልባነት ለማውጣት የሠሩት ሴት እሳቸውም የጦርነት ወላጅ አልባ ነበሩ ማለት ነው።

አባት የሞተበትን ልጅ አያት ወይም አጎት ወስዶ ማሳደጉ በኢትዮጵያ ገጠር የተለመደ ነው። በመንግሥት በኩል የሕፃናት ማሳደጊያ ባልነበረበት ዘመን የወላጅ አልባ ልጅ ዕጣ በዘመድ አቅምና በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ይህ ሥርዓት ዘመድ እስካለና እህል እስከተገኘ ድረስ ይሠራል። ዘመድም እህልም በአንድ ጊዜ ሲጠፉ ግን ልጁን የሚያነሣው አይኖርም። አበበች በጎልማሳነታቸው ወሎ ላይ ያዩት ይህንኑ ነው።

ያለ ዕድሜ ጋብቻና ወደ አዲስ አበባ መሄድ

አበበች አሥር ዓመት ሲሆናቸው ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ በዕድሜ እጅግ ለሚበልጣቸው ሰው ተዳሩ። ከሠርጉ በኋላ ሸሽተው ወደ ቤተሰባቸው ተመለሱ፤ ቤተሰቡ ግን መልሶ ለባል አስረከባቸው። ማታ ማታ በር ይዘጋባቸው እንደነበርና በጣሪያ ቀዳዳ ሾልከው እንዳመለጡ በኋላ ተናግረዋል። ከዚያም አዲስ አበባ ገቡ፤ አንድ ቤተሰብም አስጠጋቸው።

በጊዜው ይህን የሚከለክል ሥራ ላይ የዋለ ሕግ አልነበረም ለማለት ይቻላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 አድርጎ ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሴቶቹንም ወደ 18 ከፍ አደረገው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ጋብቻ መፈጸምን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገ። የአበበች ጋብቻ ከእነዚህ ሁሉ በፊት የተፈጸመ ነው። የሸሸችን ልጅ ቤተሰቧ ራሱ መልሶ ማስረከቡም ጉዳዩ እንደ በደል ሳይሆን እንደ ወግ ይታይ እንደነበር ያሳያል።

በአዲስ አበባ መሠረታዊ ትምህርት አገኙ። ቀጥሎም ቡናና እህል ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ውስጥ በጥራት ተቆጣጣሪነት ተቀጠሩ። ሥራው የተለቀመውን ቡናና እህል ከነቀዘው፣ ከተሰበረውና ባዕድ ነገር ከገባበት መለየትን ይጠይቃል። ለአንዲት ከገጠር ሸሽታ ለመጣች ሴት ቋሚ ደመወዝ ያለው ሥራ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። አበበች ዳግመኛ አግብተው፣ ቤት ይዘው፣ የመካከለኛ ኑሮ እየኖሩ ሳሉ ነበር ሕይወታቸው የተለወጠው።

የግሸን ጉዞ

ግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም በደቡብ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ፣ ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኝ በመስቀል ቅርጽ የተሠራች አምባ ናት። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት የጌታ ግማደ መስቀል በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወደዚህች አምባ ገብቷል። በዚህ ምክንያት በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከየአገሩ ብዙ ምእመናን ይሰበሰቡባታል። መንገደኛው ስንቁን ይዞ ይሄዳል፤ ሲመለስ ደግሞ ለራሱና ለዘመዱ ጠበል ይዞ ይመጣል።

አበበች ወደዚህ ቦታ በሄዱበት ጊዜ አካባቢው በድርቅና በረሃብ ተመትቶ ነበር። መንገዱ ዳርና ዳር የሞቱና በመሞት ላይ ያሉ ሰዎች ወድቀውበት ነበር። በእጃቸው የነበረው አምስት ዳቦና አምስት ሊትር ጠበል እንደነበር ይነገራል፤ እሱንም አከፋፈሉት። ከወደቁት መካከል አንዲት እናት ነበረች። ሕፃኗ ጡቷን ትጠባለች። አበበች መጀመሪያ እናቲቱ የተኛች መስሏቸው ነበር፤ ቀረብ ብለው ሲያዩ ግን ሞታለች። አስከሬን የሚሰበስብ ሰው በአጠገቡ ቆሞ ሕፃኗም እስክትሞት ይጠብቅ እንደነበር በኋላ ተርከዋል። አበበች ልጅቱን አንሥተው በጨርቅ ጠቀለሏት። ይህችንና ሌላ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ።

ሌላው የሚያነሡት ነገር ልጆቹን ይዘው የወጡበት መንገድ ነው። አበበች በሰጡት ቃለ ምልልስ እንደገለጹት የጊዜው መንግሥት የረሃቡ ወሬ እንዲወጣ ስላልፈለገ ልጆቹን የራሳቸው አስመስለው በድብቅ ማውጣት ነበረባቸው። የሚጠይቁት ባለሥልጣንም በቦታው አልነበረም። አባት ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ልጁን እንዲያተርፉለት የለመናቸው ጊዜ እንደነበረም ተናግረዋል።

የዓመቱ ቁጥር ጉዳይ

የግሸን ጉዞ የተደረገበት ዓመት በተለያዩ ጽሑፎች በሁለት መንገድ ተጽፎ ይገኛል። አንዳንዶቹ 1972፣ ሌሎቹ ደግሞ 1980 ይላሉ። ሁለቱ ቁጥሮች የሚታረቁት የመጀመሪያው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሁለተኛው በአውሮፓ አቆጣጠር ሲነበብ ነው፤ 1972 ዓ.ም. ከመስከረም 1979 እስከ መስከረም 1980 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ ነውና። 1972ን እንደ አውሮፓ ዓመት የወሰዱ ጽሑፎች ታሪኩን ከታወቀው የወሎ ረሃብ ጋር ያገናኙታል።

ልዩነቱ የስምንት ዓመት ብቻ አይደለም፤ የታሪኩን ትርጉምም ይነካል። የ1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ የደረሰው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ባቀረበው ፊልም ለዓለም ከታወቀ በኋላ ለንጉሡ መውደቅ አንድ ምክንያት ሆኗል። የአበበች ጉዞ ግን በደርግ ዘመን፣ በዚያ ረሃብና በ1977ቱ ታላቅ ረሃብ መካከል በነበረው ጊዜ የተደረገ ነው። በእነዚህ ዓመታት በወሎ የደረሰው ችግር እንደ ሁለቱ የዓለምን ዓይን አልሳበም። ልጆቹን የራሳቸው አስመስለው ማውጣታቸውን ስለ ጊዜው ዝምታ ከሰጡት ቃል ጋር አገናኝቶ ለመረዳት ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ሃያ አንድ ልጆችና የትዳሩ መፍረስ

ከሁለቱ ልጆች በኋላ ሌሎችም ተጨመሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ በቤታቸው 21 ልጆች ነበሩ። ባለቤታቸው መጀመሪያ ላይ ሐሳቡን ደግፈው ነበር። ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ ግን ከልጆቹና ከትዳሩ አንዱን እንዲመርጡ ጠየቋቸው። አበበች ልጆቹን መረጡ። አብዛኛውን ንብረታቸውን ትተው ወጡና ከልጆቹ ጋር ጫካ ውስጥ በነበረች ደሳሳ ጎጆ መኖር ጀመሩ።

ጊዜው የጭንቅ ነበር። ጌጣ ጌጣቸውን ሸጡ። እንጀራ ጋግረው፣ ጠጅ ጥለው እየሸጡ ልጆቹን አበሉ። ለትምህርት ቤት የሚከፈል ስላልነበረ አስተማሪ ፈልገው ልጆቹ እዚያው ጎጆ ውስጥ እንዲማሩ አደረጉ። ሃያ አንድ ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ ቢበላ በየዕለቱ ከአርባ በላይ ሰው የሚያበላ ማዕድ ማለት ነው፤ ይህንንም የምትሸከመው ራሷ ምጣድ ላይ ተቀምጣ የምትጋግር አንዲት ሴት ነበረች። የጥራት ተቆጣጣሪነቱ ደመወዝ፣ ትዳሩና ቤቱ ከኋላ ቀሩ። በዚህ ጊዜ አበበች በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ ነበሩ።

ይህ ክፍል በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ደጋግሞ የሚነገረው ስለ ሥራቸው ባሕርይ ስለሚያስረዳ ነው። ድርጅት ለማቋቋም የተነሡ ሰው አልነበሩም። ገንዘብ፣ ሕንፃ፣ ፈቃድም ሆነ ዕቅድ አልነበራቸውም። መጀመሪያ ልጆቹ መጡ፤ ማኅበሩ የተመሠረተው ልጆቹን ለማኖር ሲባል ነው።

የማኅበሩ መመሥረት

የአበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር በአጭሩ አጎሕልማ ይባላል። አጠራሩ ከመሥራቿ ስምና «ሕፃናት»፣ «ልማት»፣ «ማኅበር» ከሚሉት ቃላት መነሻ ፊደላት የተወሰደ ነው። ሥራው የጀመረበት ጊዜ ከ1972 ዓ.ም. የሚቆጠር ቢሆንም ሕጋዊ ዕውቅና ለማግኘት ዓመታት ፈጅቷል። በመንግሥት ቢሮዎች ብዙ ከተመላለሱ በኋላ በ1978 ዓ.ም. ገደማ (1986 እ.ኤ.አ.) ማኅበሩ በሕግ ተመዘገበ።

የምዝገባው ጊዜ የ1977ቱ ረሃብ ካለፈ በኋላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ከዚያ ረሃብ በኋላ በርካታ የውጭ ረድኤት ድርጅቶች ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ነበር። ከእነሱ ጎን ለጎን በአገር ሰው፣ ያውም በአንዲት ሴት ስም የሚጠራ የሕፃናት ማኅበር መኖሩ ያልተለመደ ነበር።

አበበች በልመና ብቻ መኖርን አልመረጡም። ከአዲስ አበባ ወጣ ባለ ቦታ የእርሻ መሬት አግኝተው እሳቸውና ልጆቹ አብረው እየሠሩ ምርቱን ይሸጡ ነበር። ይህም ለቤቱ ገቢ ከማስገኘቱ በላይ ልጆቹ ሥራ እየለመዱ እንዲያድጉ አድርጓል።

የሥራ ዘርፎች

ማኅበሩ እያደገ ሲሄድ ሥራው ከማሳደጊያ ወጥቶ ወደ ሌሎች ዘርፎች ሰፋ። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

በማሳደጊያ ውስጥ የሚደረግ ክብካቤ፦ የሚጠጋበት ዘመድ ለሌለው ልጅ መኝታ፣ ምግብ፣ ሕክምናና ትምህርት ይሰጣል። 150 ያህል ልጆች በዚህ መልክ ይኖሩ ነበር።

ባሉበት የሚደረግ ድጋፍ፦ ከዘመድ ወይም ከአንድ ወላጅ ጋር ለሚኖሩ ችግረኛ ልጆች የሚሰጥ ነው። ከ12,000 በላይ የሚሆኑት ልጆች የሚቆጠሩት በዚህ ውስጥ ነው።

ትምህርትና የሙያ ሥልጠና፦ መደበኛ ትምህርት እንዲሁም ዕድሜያቸው ላለፈ ወይም ትምህርት ላቋረጡ መደበኛ ያልሆነ ትምህርት ይሰጣል። ለወጣቶች የእጅ ሙያ ሥልጠና ይሰጣል።

የሴቶች ድጋፍ፦ ችግረኛ እናቶች በራሳቸው ገቢ እንዲተዳደሩ ማገዝን ያካትታል።

የኤች አይ ቪ/ኤድስ መከላከል፦ ስለ በሽታው ማስተማርና በበሽታው ምክንያት ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች ድጋፍ ማድረግ ነው።

የአካባቢ ማሻሻል፦ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ውስጥ የጋራ መጸዳጃ ቤት፣ የጋራ ማዕድ ቤትና ቦኖ ውኃ መሥራት ነው።

የመጨረሻው ዘርፍ ከሕፃናት ጉዳይ የራቀ ሊመስል ይችላል። ግንኙነቱን ለመረዳት የአዲስ አበባን የቀበሌ ቤቶች ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን በአዋጅ ከወረሰ በኋላ ብዙ ድኻ ቤተሰቦች በዝቅተኛ ኪራይ የቀበሌ ቤት ያዙ። ኪራዩ ዝቅተኛ በመሆኑ ለእድሳት የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም፤ ቤቶቹም እያረጁ ሄዱ። በአንድ ግቢ ብዙ አባወራ ተጨናንቆ፣ አንድ መጸዳጃ ተጋርቶ፣ ውኃ ከሩቅ እየቀዳ ይኖራል። በእንዲህ ያለ ሰፈር ሕፃን በተቅማጥ ይሞታል፤ ሴት ልጅ ውኃ ስትቀዳ ትምህርት ይቀርባታል፤ እናት በጭስ በታፈነች ጠባብ ክፍል ታበስላለች። ስለዚህ ቦኖውና ማዕድ ቤቱ ልጁ ከቤተሰቡ ሳይለይ እንዲያድግ የሚያስችሉ ነገሮች ናቸው።

ማኅበሩ በቆየባቸው ዓመታት በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሥራው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መጠቀማቸውን ገልጿል።

ማሳደጊያና ቤተሰብ

በማሳደጊያ በሚኖሩት 150 ልጆችና ባሉበት በሚደገፉት 12,000 መካከል ያለው ልዩነት የማኅበሩን አካሄድ ያመለክታል። አበበች በብዙዎች ዘንድ የሚታወቁት በማሳደጊያ ቢሆንም ከሚረዷቸው ልጆች አብዛኞቹ ማሳደጊያ ውስጥ አልኖሩም።

በሕፃናት ደህንነት ጉዳይ ላይ ያለው አስተሳሰብ ባለፉት አሥርት ዓመታት ተለውጧል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ መሠረት ልጅ በተቻለ መጠን በወላጆቹ ወይም በቅርብ ዘመዶቹ ቤት ማደግ አለበት፤ ማሳደጊያ የሚመጣው ሌላው ሁሉ ሳይቻል ሲቀር ነው። ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት በቂ ምክንያት አይደለም።

በኢትዮጵያ የሰው ልጅ ወስዶ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግ የቆየ ልማድ ነው። በአማርኛ «የማደጎ ልጅ» የሚለው አጠራር የታወቀ ነው። ዛሬ በቤተሰብ ሕግ ውስጥ የሚሠራበት «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ደግሞ አበበች ከተወለዱበት ከኦሮሞ ማኅበረሰብ የመጣ ነው፤ በዚህ ሥርዓት የጉዲፈቻ ልጅ ከአብራክ ልጅ እኩል ይታያል። አበበች በ1972 ዓ.ም. ያደረጉት ከዚህ ልማድ የራቀ አልነበረም። ያልተለመደው ቁጥሩ፣ ልጆቹም ዘመድ ያልሆኑ፣ ከሩቅ አገር የመጡ መሆናቸው ነበር።

ሌላው መንገድ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ነበር። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮጵያ ብዙ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ከሚወሰዱባቸው አገሮች አንዷ ሆና ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ከ2,000 በላይ ነበሩ። በአሠራሩ ላይ ከፍተኛ ቅሬታ ከተነሣ በኋላ በ2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ ተሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ተከለከለ። ከዚህ በኋላ የወላጅ አልባ ልጆች ጉዳይ ሙሉ በሙሉ በአገር ውስጥ ባሉ ቤተሰቦችና እንደ አጎሕልማ ባሉ ማኅበራት ላይ ወደቀ።

የወላጅ አልባነት መንስኤ መለወጥ

አበበች በሠሩባቸው አርባ ዓመታት ልጆችን ወላጅ አልባ የሚያደርገው ነገር ተለዋውጧል። የመጀመሪያዎቹ የረሃብ ልጆች ነበሩ። ቀጥሎ የ1977ቱ ረሃብና የእርስ በርስ ጦርነቱ ብዙዎችን ጨመሩ። በ1978 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁ በኋላ ደግሞ በሽታው በከተሞች ተስፋፋ፤ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በስፋት እስኪዳረስ ድረስም የብዙ ልጆችን እናትና አባት በተከታታይ ወሰደ።

ሁለቱ ዓይነት ወላጅ አልባነት የተለያየ ሥራ ይጠይቃሉ። የረሃብ ልጅ አስቸኳይ ምግብና መጠለያ ይፈልጋል። በኤድስ ወላጆቹን ያጣ ልጅ ግን ወላጁን ለረጅም ጊዜ ሲያስታምም የቆየ፣ ብዙ ጊዜም ታናናሾቹን የሚያሳድግ፣ በጎረቤት ዘንድ መገለል የሚደርስበት ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ ከእህት ወንድሞቹ ለይቶ ወደ ማሳደጊያ መውሰድ ሌላ ጉዳት ነው። የማኅበሩ ሥራ ወደ ሰፈር ውስጥ ድጋፍ፣ ወደ ትምህርትና ወደ ሙያ ሥልጠና መስፋቱ ከዚህ ለውጥ ጋር አብሮ የሄደ ነው።

ስያሜዎች

«እዳዬ» እና «እማዬ» ልጅ እናቱን ወይም እንደ እናት የሚያያትን ሴት በፍቅር የሚጠራባቸው ቃላት ናቸው። አበበችን በዚህ ስም የሚጠሯቸው ሕፃናት ብቻ አልነበሩም፤ በእጃቸው አድገው የራሳቸውን ልጆች የወለዱ ጎልማሶችም እንዲሁ ይሏቸው ነበር። ልጅ የለዎትም ወይ ለሚሏቸው፣ የወለዱት ባይኖርም ቤተሰባቸው እጅግ ብዙ እንደሆነና በመረጡት ሕይወት እንደማይጸጸቱ ይመልሱ ነበር።

«የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» የሚለው ስያሜ በተለይ በውጭ መገናኛ ብዙኃን የተለመደ ነው። ማዘር ቴሬዛ (1910–1997 እ.ኤ.አ.) የመሠረቱት የካቶሊክ ደናግል ማኅበር በኢትዮጵያም ቤቶች ስላሉት ስማቸው በአዲስ አበባ የታወቀ ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው በመንገድ የወደቀውን ማንሣታቸው ነው። ልዩነታቸውም ግልጽ ነው። ማዘር ቴሬዛ መነኩሲት ነበሩ፤ ከኋላቸውም የቤተ ክርስቲያን ተቋም ነበረ። አበበች ግን ባለትዳርና ደመወዝተኛ ነበሩ፤ ሲጀምሩም ከኋላቸው የቆመ ተቋም አልነበረም።

ሕልፈትና መታሰቢያ

አበበች ጎበና በኮሮና ቫይረስ ምክንያት በመጣ ሕመም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. (ጁላይ 4 ቀን 2021 እ.ኤ.አ.) በ85 ዓመታቸው አረፉ። ወረርሽኙ ኢትዮጵያ ከገባ አንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ዜና ዕረፍታቸው በአገር ውስጥም በውጭም ባሉ ጋዜጦች ወጥቷል።

በአዲስ አበባ የአበበች ጎበና የእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል። በአንዲት የሞተች እናትና በሕፃኗ የጀመረ ሥራ በእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል መታወሱ ተገቢ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ማኅበራቸውም ከሕልፈታቸው በኋላ ሥራውን ቀጥሏል። በማኅበሩ ቤት ካደጉት መካከል ተመልሰው እዚያው ያገለገሉ አሉ፤ ሌሎቹም የራሳቸውን ቤት መሥርተው በተለያየ ሙያ ተሠማርተዋል።